የበዓል ቀን ኔትወርክ

ያን ኮምፒውተር በዘነዘና ልፈረካክሰው ስንት ጊዜ እጄን እንዳነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በዕቃ መናደድ ሞኝነት ነው የሚሉኝ ነበሩ። እነሱ ልጃቸው በዕቃ ተንጠልጥላ አላዩም። የእኔ ልጅ ተንጠልጥላ ነበር፤ ዕቃው ከሠራ ደባርቅ ትቀራለች፣ ካልሠራ በመተማ አድርጋ ሱዳን ትገባለች። ይህን ያልሁት እኔ አይደለሁም። ራሷ ናት ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች፣ እንደ ቀላል ነገር ያለችኝ።

"እማዬ፣ ዘንድሮ በዚህ ኮምፒውተር የማስጎበኘው እንግዳ ካላገኘሁ እሄዳለሁ። እንዳታለቅሽብኝ።"

"ማን አለቀሰ?" አልኋት። ምስሩን ከፊቷ ስቤ እኔ መልቀም ጀመርሁ።

መተማን ለምን እንደምፈራው ለደባርቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላ አገር ሰው ልንገረው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ካለው ሰፈር አንዲት ልጅ በዚያው መንገድ ሄዳ ነበር። ደላሎቹ መጀመሪያ ደርሳለች አሉ፣ ከዚያ ልትደርስ ነው አሉ፣ ከዚያ ስልካቸውን ዘጉ። እናቷ እስከ ዛሬ ለጸሎት ስም ስታስጠራ፣ ከሕያዋን ጋር ትበል ከሙታን ጋር ትበል ግራ እየገባት ቄሱ ፊት ዝም ብላ ትቆማለች። ያችን ሴት ባየሁ ቁጥር መንገድ እለውጣለሁ።

ልጄ ጎንደር ሄዳ የቱሪዝም ትምህርት ተምራ ነው የተመለሰችው። ወደ ተራራው የሚወጣ ፈረንጅ አይጠፋም። ግን ከሷ በፊት አስጎብኝነቱን የጀመሩ ወንዶች አሉ፣ ተራ አለ፣ "ሴት ልጅ ቧሂት ጫፍ ድረስ ትወጣለች እንዴ?" የሚል አፍ አለ። ስለዚህ እንግዶቹ ገና አገራቸው ሳሉ እሷን ብለው እንዲመጡ ነበር ሐሳቧ። ለዚህ ብላ ኮምፒውተር ገዛች። የሚታጠፈውን አይደለም፤ ትልቁን፣ ፊቱ ቴሌቪዥን የሚመስለውን፣ ሣጥን ያለውን፣ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ያገኘችውን። ከጎንደር በሚኒባስ ስታመጣው አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው ሲጨምሩ፣ እስከ ደባርቅ ጭኗ ላይ አቅፋው መጣች። እግሯ ደንዝዞ ከመኪናው ስትወርድ ወደቀች፤ ኮምፒውተሩ ግን አልወደቀም።

ኔትወርኩ የጎረቤት ነው። ቤታችን ከአንድ ሎጅ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የሎጁን አንሶላና ፎጣ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጄን ያሳደግሁት በዚያ ነው። ቧንቧ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ስለዚህ በመጣ ቁጥር የምሞላቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች በሎጁ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከነሱ ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛ ላይ። የሎጁ ባለቤት ልጄን ትወዳታለችና የዋይፋዩን ፓስዎርድ ሰጠቻት፤ በአየር ግድግዳውን አልፎ ይመጣል ተባለ። እኔ አየር ግድግዳ አልፎ ሲመጣ የማውቀው ብርድ ሆኖ ነው። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ፓስዎርድ አይጠይቅም።

ከሣጥኑ ኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ተሰክታለች፤ ኮምፒውተሩ በሷ ነው የሚቀበለው። ከፊቱ ላይ፣ ከሥር ጥግ፣ ምልክት አለች፤ ነጥብና በላይዋ እንደ ቀስተ ደመና የተደራረቡ ክፈፎች። ክፈፎቹ ሲሞሉ ደህና ነው። ነጥቧ ብቻ ስትቀር ምንም የለም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይችን ምልክት ማንበብ ያስተማረኝ ግን ፍርሃት ነው።

በጥቅምት መግቢያ አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ጻፉላት። ሚስትዬው ጉልበቷን ያማታል፣ ተራራው ይቻላት ይሆን ወይ ብለው። ልጄ መልሱን ጽፋ በአማርኛ አነበበችልኝ፤ ለእመቤቲቱ ገራም በቅሎ ራሴ እመርጣለሁ፣ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው የሚል ነበረበት። ወደድሁት። ላከችው። አልሄደም። ፊቱ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በማግሥቱም ሞከረች፣ ነጥቧ ብቻ። ሰዎቹ መልስ ሲያጡ ሌላ ሰው ያዙ። ያዙ ብሎ የነገረን የለም፤ በዓይናችን ነው ያየናቸው፣ በደጃችን ሲያልፉ፣ ሴትዮዋ በግሯ እያነከሰች፣ ጋይዱ ከፊት ከፊት እየገሠገሠ። ልጄ በር ላይ ቆማ አየቻቸውና ገባች። ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ብትሰድብ ይሻለኝ ነበር።

ወሬው እንዴት እንደደረሳት እንጃ፣ በመተማ በኩል ሰው የምትልክ ደላላ ወዲያው መጣች። ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከልባሹ ሥር ሌላ ገበያ እንዳላት ሁሉም ያውቃል።

"እታለም፣ እንደምን ከረምሽ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ቤቱን ይዞራል። "ልጅቱ አለች?"

"የለችም።"

"ያቺ የተቀመጠችው ማናት ታዲያ?"

"ጥላዋ ናት።"

ሳቀች። "ሂጂ ወዲያ፣ ቀልደኛ። እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው። ከገና በፊት መኪና አለ። ጓደኞቿም ይሄዳሉ፣ ብቻዋን አይደለችም።"

"የራስሽ ልጆች ይቅደሙ፣ የእኔዋ ትከተላቸዋለች" አልኋት። ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ልጄ ተከተለቻት፤ አጥሩ ጋ አንገት ላንገት ገጥመው ሲያወሩ በቀዳዳ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ከኮምፒውተሩ ጋር ጦር ተማዘዝን።

ልጄ ያልሞከረችው የለም። ሣጥኑን አዞረችው፣ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ነቅላ ሰካችው። የጓደኛዋን ስልክ ይዛ ጓሮ ስትወጣ ምልክቷ ሙሉ ናት፣ ቤት ስትገባ ትወድቃለች። ስልኩ ደግሞ የሰው ነው፣ ወዲያው መለሰችው። "ጭቃው ነው፣ ግድግዳው በጣም ወፍራም ነው" አለች። ያን ግድግዳ የመረገው አባቷ ነው፣ ነፍሱን ይማርና፤ የሞተ ሰው ሥራ ሲታማ መስማት አልወድም። "አባትሽ ሲመርገው ብርድ እንዳይገባ እንጂ ኢሜይል እንዳይገባ ብሎ አይደለም" ብዬ ጮኽሁባት።

አንድ ነገር ግን ልብ ብላ ነበር።

"እማዬ፣ በበዓል ቀን ነው የሚብስበት።"

"በምን በዓል?"

"በሁሉም። እሑድ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። በነዚህ ቀን ነጥቧ ብቻ ናት። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይሻለዋል።"

እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ የተፈታልኝ መሰለኝ። "ታዲያ ምን ይሁን ብለሽ ነው?" አልኋት። "እኔ በሚካኤል ቀን ሳሙና አልነካም፣ አንሶላው ተከምሮ ይውላል። አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ ጣትሽን ስታንቀጫቅጪ ትውያለሽ። በዓል የሻረ እጅ ይቃናል?"

"ሚካኤል የሎጁን ዋይፋይ ነው የሚጠብቀው?"

"አፍሽን።"

በሚቀጥለው በዓል ኮምፒውተሩን በአንሶላ ሸፈንሁት፤ ገልጣ ተቀመጠች። ነጥቧ ብቻ። "ይኸውልሽ" አልሁ። ደግሞ ደስ አለኝ፣ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"አባቴ፣ በኮምፒውተር መጻፍ በዓል መሻር ነው?"

ጢማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። "እርሻ ነው፣ ወፍጮ ነው፣ አጥር ማጠር ነው፤ እነዚህን እናውቃለን። ይኼኛው ጣት ብቻ ነው አልሽኝ?"

"አዎ፣ ጣት ብቻ።"

"ዳዊት የሚደግምም እኮ ገጹን የሚገልጠው በጣቱ ነው" አሉና ሌላ ሰው መጣባቸው። ነው አይደለም ሳይሉኝ። በሳቸው መናደድ ስለማይገባ ወደ ቤት ስመለስ የጎረቤት ውሻ ላይ ተናደድሁ።

ልጄ በበኩሏ ከዳባት ኮምፒውተር ጠጋኝ አስመጣች። ጎልማሳ ነው፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። ጃኬቱን በርሜሌ ላይ ጣለ፣ ያቀረብሁለትን ሻይ በርሜሌ ክዳን ላይ አኖረ፣ ከዚያ ሣጥኑን ከፍቶ እንደ በግ ሆድ ዕቃ መረመረው። በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር የተነሳችው ፎቶዋ፣ ለእንግዶቹ የምትልከው፣ አብሮ ጠፋ። ምልክቷ ግን እንዳለች አለች።

"እናት፣ ዕቃው ሽማግሌ ነው" አለኝ። "ሽማግሌ ጆሮው ይደክማል።"

"በበዓል ቀን ብቻ የሚደነቁር ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?"

"በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ስለሚጠቀም ይጨናነቃል።"

"በበዓል ቀንማ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማን ነው የሚጠቀመው?"

"እናቴ፣ ቴክኒካል ነው፣ ለአንቺ ብነግርሽ አይገባሽም።"

ሻዩን ጨረሰ፣ ብርጭቆውን እዚያው በርሜሉ ላይ ትቶ ሄደ። ያን ብርጭቆ ሳጥበው ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ቁጣዬ ማረፊያ ሲያጣ የሎጁ ባለቤት ላይ አረፈ። ልጄ የራሷን እንግዳ እንዳታገኝ ፈልጋ ታጠፋባታለች ብዬ ደመደምሁ። ያጠብሁትን አንሶላ ተሸክሜ ሄጄ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ጣልሁት።

"ለምንድነው የምታጠፊባት?"

"ምኑን እትዬ?"

"አየሩን። ከሰጠሽ ስጪ፣ ከነሳሽ ንሺ። እንደ ጡት ማስጣል ታሠቃያታለሽ።"

ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ። እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ነጭ ሣጥን አሳየችኝ፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ የምትል። "ይህ ግድግዳ የማን ነው?" አለችኝ። አየሁት፤ የእኛው ግድግዳ ጀርባ ነው። "እትዬ፣ ከዚህ በላይ ላስጠጋላት ብል ቤትሽ ገብቼ ልስቀለው ነው። ቀንም ማታም አይጠፋም። እንግዶቼ ከላይኛው ክፍል ሆነው ይሠሩበታል።"

"እንግዲያው አንሶላሽንም ለሌላ ሰው ስጪ" ብያት ወጣሁ። እንጀራዬን ራሴ እየረገጥሁ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የወጣሁት። ንዴት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚበላው ባለቤቱን ነው።

በዚያው ሰሞን ውሃ ጠፋ። ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። እጄ ላይ የቀረውን አንሶላ አጥቤ በመጨረስ በርሜሎቹን እስከ ጭቃቸው ጨለጥኋቸው፤ የሚጠጣውን በጀሪካን ከምንጭ እናመጣለን። ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ ኮምፒውተሩ ጋ ናት። ልረግማት አፌን ከፈትሁና ምልክቷን አየሁ። ሙሉ ናት። ክፈፎቹ ከነጥቧ እስከ ላይ ነጭ ሆነዋል።

"ዛሬ ማርያም ናት" አልሁ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እንዴት ሞላ?"

"አላውቅም እማዬ፣ ዝም በይኝ፣ ሳይጠፋ ልላክ።"

የዘገየውን ሁሉ ላከች፤ ሲሄድ ድምፅ አለው፣ ሽው ይላል። ቆሜ ሰማሁት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ተቆጣ። በዓል በመሻሯ ነው ብዬ ስንት ቀን አንገቷን አስደፍቻታለሁ፣ ማርያም ደግሞ በራሷ ቀን ሰጠቻት። እንግዲያው ምኑ ነው?

ውሃው በማግሥቱ ጠዋት መጣ። እንደ ሰርግ ቤት ሰው ተሯሩጬ በርሜሎቹን እስከ አፋቸው ሞላሁ። የመጨረሻው ላይ ባልዲ ሳፈስስ ልጄ ጠረጴዛውን በጡጫ ስትመታው ሰማሁ።

"ወደቀ። ተመልሶ ወደቀ።" አለቀሰች። ከአባቷ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። "በቃኝ እማዬ። ለደላላዋ እደውላለሁ። መኪናው ሳይሞላ እሄዳለሁ።"

ባልዲው በጄ ላይ እንዳለ ቆምሁ። በርሜሉን ተደገፍሁ። ትናንት በዓል ነበረ፣ ሠራ። ዛሬ የሥራ ቀን ነው፣ ወደቀ። ትናንትና ዛሬ መካከል እዚህ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ? ያ ሽማግሌ ኮምፒውተር ያው ነው። ግድግዳው ያው ነው። የተደገፍሁት ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። ትናንት ባዶ ነበረ፣ ዛሬ ሙሉ ነው። በዓል በመጣ ቁጥርም ሙሉ ነው፤ እኔ በበዓል አላጥብማ። በሥራ ቀን ግን እስከ ከሰዓት ድረስ እቀዳዋለሁ፣ ይጎድላል፣ ያኔ ይሻለዋል።

"ተነሺ" አልኋት። "ውሃው ነው።"

"ምን ውሃ?"

"ይህ። ካንቺና ከዚያች ነጭ ሣጥን መካከል የቆመው። ዓይንሽን ከምልክቷ አትንቀይ።"

ከበርሜሉ ወደ ድስት፣ ወደ ሳፋ፣ ወደ ባዶ ጀሪካን እየቀዳሁ ወዲያኛው ጥግ ማጋዝ ጀመርሁ። ልጄ አላመነችኝም፤ እንባዋን እየጠረገች ለይሉኝታ ነው የተቀመጠችው። አንደኛው በርሜል ከወገቡ ሲወርድ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። ሁለተኛው ሲጋመስ "ቆይ" አለች። ከዚያ "አንድ ጨመረ።" ከዚያ ተነስታ ሌላውን ባልዲ ያዘችና አብራኝ መቅዳት ጀመረች።

"ኔትወርኩ በውሃ ሲያልፍ ውሃው ይመጥጠዋል ማለት ነው" አለች፣ እያለከለከች። "እንዴት አላሰብሁትም? እንግዲህ እኛ ባሕር ገድበንበት ነው።"

"ያ ዳባቴ ጃኬቱን የጣለው ምን ላይ ነበር?"

"በርሜሉ ላይ።"

"ሻዩን ያኖረውስ?"

"እማዬ፣ በቃ።"

"ቴክኒካል ነዋ።"

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ውሃ ማጠራቀም ጥፋት ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ቧንቧውን ያስመጣልኝ። ውሃዬን ትቼ አላጥብም፣ ሳላጥብ አንበላም። በርሜሎቹን ጓሮ እንዳናወጣቸው ሌባ አለ፣ በኅዳር ብርድ ደግሞ ሲነጋ ላያቸው በረዶ ይይዛል። ስለዚህ አልጋዬን አንስተን በሎጁ በኩል አደረግነው፣ በርሜሎቹን አልጋዬ በነበረበት ሙቁ ግድግዳ ሥር። አሁን ብርዱ የሚገባው በራስጌዬ ነው። ልጄ ያችን ጥፍር የምታህል ነገር ከሣጥኑ ኋላ ነቅላ በአጭር ገመድ ቀጠለቻትና መሀል ምሰሶው ላይ በሚስማር ሰቀለቻት። ሚካኤል መጣ፣ አየሁ፤ ሙሉ ናት። እሑድ መጣ፣ ሙሉ ናት። የሎጁ ዘበኛም አንድ ጠዋት አንሶላ ተሸክሞ መጥቶ በሬ ላይ አስቀመጠና ሄደ። እኔም አጥቤ ላክሁ። ይቅርታ ያለ ሰው የለም።

ከላከቻቸው ደብዳቤዎች መካከል አንዱ መልስ አመጣ። ሦስት ሴቶች ናቸው። ሴት ጋይድ ነው የምንፈልገው፣ ከጥምቀት በኋላ እንመጣ ይሆናል ይላል። ልጄ ሁለቴ አነበበችልኝ። "ይሆናል" የምትለዋን ለማለፍ ብትፈጥንም ሰምቻታለሁ።

መኪናው የሚነሳበት ሰሞን ደላላዋ መጣች። በዚህ ጊዜ ለእኔ ሰላምታም አልሰጠችኝ።

"ነገ ነው" አለቻት ልጄን። "ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዢ።"

"ከጥምቀት ወዲያ እንነጋገር" አለች ልጄ።

"መኪናው አይጠብቅሽም እኮ።"

"ሌላ ይመጣል።"

ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቀነቀችና ሄደች። እኔ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተልኋት፤ ያልኋትን እዚህ አልጽፈውም፣ ቄስ ያነበው ይሆናል። ብቻ ሰፈሩ ሁሉ ከየበሩ ብቅ ብሎ ነበር። ነጠላዬን እያስተካከልሁ ተመለስሁ።

"'አልሄድም' ማለት አቃተሽ?" አልኋት። "'ሌላ ይመጣል' ምንድነው? እንደ አውቶቡስ ተራ ትጠብቂዋለሽ?"

"እማዬ፣ ሴቶቹ መምጣት አለመምጣታቸውን ገና አላወቅሁም። ያላወቅሁትን እንዴት ልበል?"

 እውነቷን ነው፣ እውነቷን በመሆኑም ተናደድሁ። ይህን ሁሉ ውሃ አግዤ፣ አልጋዬን ብርድ ውስጥ ከትቼ ያገኘሁት እስከ ጥምቀት ያለችውን ጊዜ ብቻ ነው። መተማ እዚያው ናት፣ የትም አልሄደችም። ወንበር ስቤ ካጠገቧ ተቀመጥሁ።

"ጻፊላቸው።"

"ትናንት እኮ ጽፌላቸዋለሁ።"

"ደግመሽ ጻፊ። 'ይሆናል' አይደለም፣ ቁርጡን ንገሩኝ በያቸው። በምን ቀን፣ በስንት ሰዓት።"

"እንደዚህ አይባልም እማዬ፣ ይደነግጣሉ።"

"ይደንግጡ። እኔም ደንግጫለሁ።"

ኪቦርዱን ወደሷ ሳበችው። ከዚያ ጣቶቿን አሳርፋ መጻፍ ጀመረች። እያለሳለሰች እንደምትጽፈው አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛው ለኔ አይገባኝም። ሽው ብሎ ሲሄድ እስክሰማው ድረስ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።